ለሌላ ሴት የተገዛ አበባ

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ትንሽ አታፍሩም?»

የጮኸችው ሮስቪታ ናት። ከደቡብ ጀርመን፣ ከፓሳው ድረስ የመጣችው የብሬመንን ካቴድራል ልታይ እንጂ ጠብ ፍለጋ አልነበረም። ግን ዓይኗ እያየ እንዴት ትለፈው? አንድ ረጅም ሰው የተጣመመ ባርኔጣ ደፍተውበት የካቴድራሉን ደረጃ ይጠርጋል። ጓደኞቹ ደግሞ ባጸዳው ላይ መልሰው የቢራ ቆርኪ በጆንያ ይደፉበታል፤ ይስቁበታል። ጠዋት ቁርስ ያቀረበላት የማረፊያ ቤቷ ባለቤት ያስፐር እንኳ አብሯቸው ይስቃል! የሮስቪታ ንዴት ደግሞ አንዴ ከመጣ መመለሻ የለውም። መጥረጊያውን ከሰውየው እጅ መንጭቃ እሷ መጥረግ ጀመረች።

ሳቁ አደባባዩን ሞላው።

«የደቡብ ሰው መሆንሽን ረስቼው!» አላት ያስፐር እንባውን እየጠረገ። «ቶርበን ዛሬ ሠላሳ ዓመት ሞላው፤ ሚስት ግን የለውም። እኛ ጋ ሠላሳ ሞልቶት ያላገባ ወንድ፣ ልጃገረድ መጥታ እስክትስመው ድረስ ይህን ደረጃ ይጠርጋል። ወግ ነው! በይ እንግዲህ፣ ሳሚውና ገላግይው!»

ሮስቪታ በኀፍረት ቀላች። ቢሆንም ቀና ብላ አየችው። ግራጫ ዓይኖቹ ደክሟቸዋል። ምን እንደነካት እንጃ፣ ልቧ ራራለት። ጉንጩን ልትስመው ጠጋ ስትል... ቶርበን ፊቱን አዞረ።

«ይቅርታ... አልችልም» አለና ባርኔጣውን አውልቆ በሰዉ መሀል ሄደ።

በማግስቱ በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ባለው ምግብ ቤት ጎመን በቋሊማ እየበላች ሳለ ከፊቷ መጥቶ ቆመ።

«ትናንት በሰው ፊት አሳፈርኩሽ።»

«ፊቴ ያን ያህል ያስፈራል?»

«ኧረ በፍጹም! ፊትሽማ...» ቀሪውን ዋጠው። «ከተማዬን ላሳይሽ፣ ለካሳ።»

«መጀመሪያ ተቀመጥ። ይህን ሁሉ ጎመን ብቻዬን አልችለውም።»

እሷ ሰነበተች፤ እሱም ከተማውን እያሳያት አብረው ዞሩ። ሽኖር በሚባለው አሮጌ ሰፈር ጠባብ መንገዶች ትከሻቸው ይነካካል። በዓለም ጦርነቱ ፈርሶ የተጠገነ ግንብ ላይ እጁን አሳርፎ «ድንጋዩን ከፍርስራሽ ለቅመው ነው የሠሩት» ሲላት ድምፁ ተሰበረ። ለድንጋይ እንዲህ የሚያዝን ወንድ አይታ አታውቅም። ወደደችው፤ ምን ይደበቃል!

ቅዳሜ ዕለት ገበያ ላይ ነጭ አበባ ሲገዛ ከሩቅ አየችው። ለኔ ነው ብላ ልቧ ዘለለ። እሱ ግን ሲያያት አበባውን ወደ ጀርባው አደረገ።

«ነገ ጠዋት አንገናኝም። የምሄድበት ሰው አለ።»

«ሴት ናት?»

«አዎ» አለ ዓይኗን እየሸሸ።

እሑድ ጠዋት ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ሻንጣዋን እየጎተተች ወረደች። ያስፐርን ጥቁር ለብሶ፣ አበባ ይዞ በር ላይ አገኘችው።

«አንተ ደግሞ ለማን ነው?»

«ለአባቴ ነዋ! ዛሬ እኮ የሙታን እሑድ ነው። መቃብር የማይሄድ ማን አለ? ቶርበንም ስቬንያ ጋ ሄዷል። እጮኛው ነበረች... አልነገረሽም?»

ሻንጣው ከእጇ ወደቀ። በፓሳው ካቶሊኮቹ ሙታናቸውን የሚያስቡት ጥቅምት ሳያልቅ ነው፤ ካለፈ ሰነበተ። የሰሜን ፕሮቴስታንቶች የራሳቸው ቀን እንዳላቸው ከየት ታውቃለች?

ያስፐር መቃብሩ ድረስ ወሰዳት። ቶርበን ተንበርክኮ አበባውን ሲያስቀምጥ ቀና ብሎ አያት፤ መልሶም አቀረቀረ።

«ለሠርጋችን ጥቂት ሲቀር መኪና ገጫት» አለ ሳይዞር። «እነ ያስፐር ‹ሚስት የለህም› አሉኝ። ለኔ ግን እንዳገባኋት ነው። ያን ቀን ጠጋ ስትይ... እንድትስሚኝ ፈለግሁ። ያስደነገጠኝ እሱ ነው። የከዳኋት መሰለኝ።»

ሮስቪታ አጠገቡ ተንበረከከች፤ እጁንም ያዘች።

«እሷን እርሳ አልልህም። ግን እኔም ሰው ነኝ ቶርበን፤ ተደብቄ መወደድ አልችልም። ከወደድከኝ በአደባባይ ውደደኝ፤ ካልሆነ ባቡሬ እየደረሰ ነው።»

ከኋላቸው ኮቴ ተሰማ። ጥቁር የለበሱ አሮጊት ናቸው፤ የስቬንያ እናት። ሮስቪታ አሁን ይለቀኛል ብላ ዓይኗን ጨፈነች። እሱ ግን ጥብቅ አድርጎ ይዟት ተነሣ።

«እማማ ጌሼ... ይህቺ ሮስቪታ ናት። እወዳታለሁ።»

አሮጊቷ መቃብሩን አዩ።

«ይህን ቀን ስፈራው ኖርኩ» አሉ እንባቸው እየወረደ። «ጥሩ ልጅ ነህ፣ አልፈርድብህም። ግን አንተም ከሄድክ፣ የልጄን ስም ከኔ ጋር ማን ይጠራል?»

ሮስቪታ ጠጋ ብላ ክንዳቸውን ደገፈች።

«እኔ እጠራዋለሁ። ይንገሩኝ እስቲ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነበረች?»

እማማ ጌሼ ቀና ብለው አዩአት።

«ሳቋ መንገድ ማዶ ይሰማ ነበር...» ብለው ጀመሩ።

ባቡሩ አምልጧት ሄደ። በግንቦት ሲጋቡ፣ ሙሽራዋን በክንዳቸው ይዘው ቤተ ክርስቲያን ያስገቧት እማማ ጌሼ ነበሩ።