በረዶው ላይ የተቀመጠው ትሪ

ውድነህ የሞተው ከሁሉ አብልጦ በሚወዳት ስፍራ ነበር፤ ሞንትቤሎ በተባለው ሰፈር በሚገኘው ቤቱ ጓሮ፣ በገዛ እጁ በሠራት የመስታወት ክፍል ውስጥ፣ አሮጌ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ። ላየው ሰው ዳውንታውን ፓርኪንግ ሲጠብቅ አድሮ የመጣና እንቅልፍ ሸለብ ያደረገው ይመስላል። እግሩ ሥር ግን የጋዝ ማሞቂያ ቆሟል፤ የጣሪያው መተንፈሻም ከውጭ በጆንያ ተወትፏል፤ የገደለው የታፈነው ጋዝ ነው።

የሞት መንስኤ መርማሪዋ ዘርፈሽዋል ጆንያውን ቀና ብላ አየችው። ከውስጥ የተቀመጠ ሰው ከውጭ ሊወትፍ አይችልም። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ የነገሯትን ቶሎ የማትውጥ ሴት ናት፤ ፊቷን አይቶ ሐሳቧን ያነበበ የለም፣ ባሏ እንኳ ሞክሮ ትቶታል።

ፖሊሱ ሚለር ግን ከእሷ ቀድሞ ወስኗል። ማሞቂያው ቤዝመንቱን የተከራየው የታክሲ ነጂው የሙኒብ ነው። ሙኒብና ሟቹ ተጣልተው ነበር። ሚለር ነገ ከሰዓት እንደሚያስረው ነገራት።

«እስከዚያ እኔን ታገሠኝ» አለችው።

በመጀመሪያ የሟቹን ሚስት ጌጥነሽን አነጋገረች።

«ከሥራ መጣ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ወደ አበባ ዘሮቹ ሄደ» አለች ጌጥነሽ። «እኔ ሥራ ገባሁ። ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።» እንባዋን ጠረገችና ድንገት ተቆጣች። «እነዚህ ዘሮች ባሌን ከወሰዱብኝ ቆይተዋል! ነይ፣ ፍሪጄን እዪልኝ።»

ከወተቱና ከእንቁላሉ ጎን ርጥብ አሸዋ የተሞሉ ትንንሽ የላስቲክ ከረጢቶች ተደርድረዋል።

«ምንድን ናቸው እትዬ?»

«በከፍተኛ ተራራ ዓለት ላይ የሚበቅል አበባ ዘር ነው። ከዓለም ዳርቻ ገደል ለገደል ዞረው ከሚለቅሙ ሰዎች በፖስታ ያዛል። ብርድ ካልመታው አይበቅልም ይላል፤ ክረምት ያለፈ እንዲመስለው ማታለል ነው። ያ የመስታወት ግሪንሃውሱም ከነፋስና ከፀሐይ ለመከለል ነው እንጂ ለሙቀት አይደለም። እኔ ብርድ ቢገድለኝ እንኳ እዚያ ማሞቂያ አያስገባልኝም ነበር።»

«እርስዎስ ዘሮቹን ይወዷቸው ነበር?»

«እኔ? ቀብሩ ይለፍ እንጂ ጠራርጌ ነው የምጥላቸው!»

ዘርፈሽዋል ይህን ቃል በልቧ ያዘችው። ሐዘንና ቂም አንድ ቤት ሲያድሩ ብዙ ጊዜ አይታለች፤ ሚስትንም ቢሆን ከጥርጣሬ አታወጣም።

«የተጣላው ሰው ነበር?»

«ከሙኒብ ጋር በፍሪጁ ነገር ተጨቃጭቀዋል። ከስለሺ ጋርም ከመስከረም ወዲህ አይነጋገሩም። ስለሺ አጎራባቹ ከተማ አውሮራ ነው የሚኖረው፤ እሱም እንደ ባሌ በአበባ ያበደ ነው። ባለፈው ጸደይ ስለሺን ያሸለመውን ተክል ከዘር ያበቀለው የእኔ ባል ነው፤ ስለሺ በራሱ ስም አቀረበው። ‹የፊታችን ቅዳሜ የአበባ ማኅበርተኛው ፊት እናገራለሁ› ብሎ ባሌ ላከበት። አይናገርም ነበር እኮ! ሆደ ቡቡ ነው፣ ዛቻው ከበር አያልፍም።»

ሙኒብን ጋራዥ ውስጥ አገኘችው። ታክሲው ላይ ተደግፎ ቆሟል።

«ማሞቂያው የእኔ ነው» አላት ሳትጠይቀው። «መኪናዬን ስጠግን አበራዋለሁ። ጋራዡ አይቆለፍም፤ ይኼን ደግሞ እዚህ ቤት የሚመጣ ሁሉ ያውቃል።»

«ስለ ፍሪጁስ?»

«ምሳዬን የማስቀምጥበት አጣሁና አንዱን ከረጢት ጣልኩት። አሸዋ መሰለኝ። ጋሼ ውድነህ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። እኔ ደግሞ፣ ‹ዘር ሙቀት ነው እንጂ የሚፈልገው፣ ብርድ ምን ያደርግለታል?› ብዬ ሳቅኩበት።»

ዘርፈሽዋል ደነገጠች። ሚለር ይህችን ቃል ቢሰማ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም፤ ወንጀሉ ስለ ዘር የማያውቅ ሰው ሥራ ይመስላልና።

«ፖሊሱ ሊወስደኝ ነው አይደል?» አለ ሙኒብ። «የሚስቴ የዙህራ ቪዛ ገና መውጣቱ ነው። ስንት ዓመት ጠበቅነው መሰለሽ። አሁን ደውዬ እስር ቤት ነኝ ልበላት?»

የማታውቀውን ተስፋ መስጠት አትወድም።

ተመልሳ ጓሮውን ዞረች። አንድ ነገር ዓይኗን ያዘው፤ ከመስታወቱ ክፍል በስተጀርባ፣ በረዶው ላይ አንድ ትሪ ሙሉ የዘር ጣሳ ተቀምጧል። በረዶው የወረደው ውድነህ በሞተበት ቀን ዋዜማ ነው። ትሪው ግን ከበረዶው በላይ ነው፤ በጣሳዎቹ ውስጥ ያለው አፈር አንድ የበረዶ ፍንጣቂ አልነካውም። እንግዲያው የወጣው በሞተበት ቀን ነው። ጌጥነሽን ጠራቻት።

«ይህን እሱ ነው ያወጣው?»

«እሱማ የሽቦ ወንፊት ሳይከድን አንድ ጣሳ አያወጣም። አይጥ ዘሩን ትበላበታለች። ያውልሽ፣ አጥሩ ሥር ያሉት ሁሉ ተከድነዋል።»

«ጣሳው ላይ የተጻፈው ቁጥርስ?»

«የለቃሚው ቁጥር ነው። ዘር የሚያዝዙ ሰዎች ስም አይጽፉም፤ ለቃሚው በሰጠው ቁጥር ነው የሚጠሩት። እኔ አንዱን ከሌላው አለየውም።»

ዘርፈሽዋል ጎንበስ ብላ አየች። ትሪው ላይ ያሉት ጣሳዎች ሁሉ አንድ ቁጥር ነው ያላቸው። ትሪውን አነሣችና መኪናዋ ውስጥ ደበቀችው።

አውሮራ ስትደርስ ስለሺ በአክብሮት ተቀበላት። ጎልማሳ፣ ጥፍሩ ሥር አፈር የማይጠፋ ሰው ነው።

«ከመስከረም ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም» አላት። «ዘንድሮ ምን እንዳዘዘ እንኳ አላውቅም። ተኮራርፈን ሞተ፤ ይኼ ነው የሚቆጨኝ።»

«ግሪንሃውሱ ውስጥ ማሞቂያ መብራቱን ሰምተዋል?»

«እብደት ነው! ስለ ዘር ምንም የማያውቅ ሰው ነው እንደዚያ የሚያደርግ።»

ቶሎ መለሰ፤ ለእሷ ጆሮ ትንሽ ፈጠነባት።

«እናንተ ዘር ወዳዶች ዘንድሮ ከሁሉ የተመኛችሁት የቱን ነው?»

የስለሺ ፊት በራ። «ከካውካሰስ ተራሮች ገደል የተለቀመ፣ ጄንሺያን የሚባል ሰማያዊ አበባ አለ። እኔ ሳዝዝ አልቋል ተባልኩ። ለቃሚው ሽማግሌ በበጋው ሞተ፤ ከእንግዲህ የሚልከው የለም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወይዘሮ ጌጥነሽ ልትጥላቸው ነው ሲሉ ሰማሁ። ለመታሰቢያ ጥቂት ጣሳ ብትሰጠኝ፣ እርስዎ ቢነግሩልኝ?»

«እነግርልዎታለሁ» አለች ዘርፈሽዋል።

በማግስቱ ሁሉም ጌጥነሽ ሳሎን ተሰበሰቡ። ሚለር በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ሙኒብ ዓይኑን ፖሊሱ ከያዘው እጀ ሰንሰለት ላይ መንቀል አልቻለም። ጠረጴዛው በዘር ጣሳ ተሞልቷል፤ የሁሉም አፈር ርጥብ፣ የሁሉም መልክ አንድ ነው።

«ከማሞቂያው አጠገብ የነበሩ ናቸው» አለች ዘርፈሽዋል። «ሙቀቱ ቀቅሏቸዋል፤ አይበቅሉም። እትዬ ጌጥነሽ ለመታሰቢያ አንዳንድ ውሰዱ ብለዋል።»

ሙኒብ አጠገቡ ያለውን አነሣ። ጌጥነሽ እጇን ሰበሰበች። ስለሺ ግን ጎንበስ አለ፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አየና ክንዱን ዘርግቶ ከኋለኛው ረድፍ አንድ ጣሳ ሳበ። ጣሳውን ደረቱ ላይ አስጠጋው።

«ለምን ያን መረጡ?» አለች ዘርፈሽዋል።

«እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ አይደለም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ከሥሩ ልጀምር። ውድነህ ማሞቂያ አያበራም፤ መተንፈሻውም ከውጭ ነው የተወተፈው። ስለዚህ ገዳይ አለ። ላየው ሁሉ፣ ዘር ሙቀት ይፈልጋል ብሎ የሚያስብ ሰው ሥራ ይመስላል። ገዳዩም የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ የሙኒብን ማሞቂያ ከማይቆለፈው ጋራዥ ያወጣው ለዚህ ነው። ነገር ግን አንድ ትሪ ከእሳቱ ተርፎ በረዶው ላይ ተገኘ፤ የጣሳዎቹን ቁጥር ከውድነህ የትእዛዝ ወረቀት ጋር አስተያየሁት፣ የካውካሰሱ አበባ ነው። ውድነህ እንዳላወጣው ወንፊት አለመከደኑ ይነግረናል። ሙኒብ ቢሆን ዘር ከብርድ ይራቅ እንጂ ወደ በረዶ ይውጣ አይልም። እትዬ ጌጥነሽ ብርድ እንደሚሻ ያውቃሉ፤ ግን ከዚያ ሁሉ ቁጥር የካውካሰሱን አይለዩትም፣ ቢለዩም አያድኑትም። ያወጣው ሰው ቁጥሩን በቃሉ የሚያውቅ፣ ዘሩንም ከሰው ነፍስ አብልጦ የሚሳሳለት ነው። ሰርቆ ቢወስደው ይታወቅበታል፤ ስለዚህ ብርዱ ላይ አቆይቶ ከመበለቷ በልመና ሊወስደው አሰበ። አቶ ስለሺ፣ ደጁን አልረገጥኩም፣ ምን እንዳዘዘ አላውቅም አሉኝ። ታዲያ ከትሪው አምጥቼ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የቀላቀልኩትን የካውካሰሱን ቁጥር ምን ፈለጉት? ሁሉም ተቀቅሏል ስልዎትስ፣ ያልተቀቀለውን ለይቶ እጅዎ እንዴት አገኘው?»

ስለሺ ወደ በሩ አየ። ሚለር አልተንቀሳቀሰም።

«ከማሞቂያው እጀታ ላይ አሻራ ተነሥቷል» አለች። «ከጣትዎ ጋር እናስተያየዋለን።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ስለሺ ጣሳውን እንደያዘ ወንበር ላይ ዘርፈጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ቅዳሜ ሊያዋርደኝ ነበር» አለ። «ሃያ ዓመት የለፋሁበት ስሜ! ዘሮቹ ግን ምን አደረጉ? እነሱን ማቃጠል አልቻልኩም።»

ጌጥነሽ ተነሣችና ፊቱ ቆመች።

«ትሪው የነበረው ከወንበሩ ወዲያ፣ መጨረሻው መደርደሪያ ላይ ነው» አለችው። «ተሸክመህ ስትወጣ በአጠገቡ ነው ያለፍከው። ያኔ ባሌ ምን ያደርግ ነበር?»

ስለሺ ዓይኑን ጣሳው ላይ ተከለ።

«ያንኮራፋ ነበር» አላት።

ጌጥነሽ ጣሳውን ከእጁ ወሰደችበት። ሚለር ሰንሰለቱን ይዞ በሙኒብ አጠገብ አልፎ ወደ ስለሺ ሄደ። ሙኒብ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ልጅ አለቀሰ።