የአያት ጃንጥላና ጥቁሩ ካሬ

«ቀጥ አድርጊው እንጂ! ካሬ ነው የተባለው፣ ድንች አይደለም» አለች ጺቭያ፣ መቀሱን ልትነጥቃት እየሞከረች።

ሃስያ ጓደኛዋን በክርኗ ገፋ አድርጋ መቁረጧን ቀጠለች። ከአያቷ ጃንጥላ ላይ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ጨርቅ ተቆርጦ ጭኗ ላይ ወደቀ። ከጦርነቱ ወዲህ ጥቁር ጨርቅ ከከተማው እንደ ስኳር ጠፍቷል። ሰኞ ግን በሥዕል ትምህርት ቤቱ ወደ አዲሱ መምህር ክፍል የሚዛወር ተማሪ ሁሉ እጅጌው ላይ ጥቁር ካሬ ሰፍቶ መምጣት አለበት። ነገ ቅዳሜ ነው፤ አያቷ ደግሞ አጥባቂ አይሁድ ናቸውና እንኳን በረዶ እሳት ቢዘንብ በቅዳሜ ሰንበት ጃንጥላ አይዘረጉም። እስከ እሑድ ሰላም ነው።

«ጺቭ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቂ።»

«ካሬው ምን ማለት ነው?»

ጺቭያ ዐይኗን አጉረጠረጠች። «አንቺ ደግሞ! ምንም ማለት የለበትም እኮ። መምህሩስ የሚሉት ይሄንኑ አይደል? ፖም መሳል ድሮ ቀረ። ፖም ማየት የፈለገ ገበያ ይሂድ።»

«ገበያም ፖም የለም።»

«አትቀልጂ! ለእኔ ገብቶኛል። እዚህ ጋ ይሰማሻል» አለችና ደረቷን መታ መታ አደረገች።

ሃስያ እዚያ ጋ ምንም አልተሰማትም። ትናንት አዲሱ መምህር ሥዕላቸውን ሲሰቅሉ፣ ነጭ ላይ ጥቁር ካሬ፣ ሌላ ምንም የለም፣ ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። እሷም አጨበጨበች። መምህሩ እያሾፉባት ይሁን እያስተማሯት ግራ ገባት። የሚገርመው ግን ዐይኗን ከሥዕሉ ላይ መንቀል አቅቷት ነበር፤ ይሄ ደግሞ ይብስ አናደዳት።

ከሁሉ የከበዳት የመምህር ኢሳይ ነገር ነው። እርሳስ አያያዝ ያስተማሯት ምድር ቤት ባለው ክፍል የሚያስተምሩት እኚህ ሽማግሌ ናቸው። ተማሪ የሌለው ክፍል ይዘጋል፤ ክፍሉ ከተዘጋ የእሳቸው የዳቦ ራሽንም ይቆማል። ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን የለም።

«መምህር ኢሳይስ?» አለች።

«ፋራ ናቸው እኮ! ዓመቱን ሙሉ አንዲት ድንች ሳሉ ሲሉን! ለማንኛውም ‹ሃስያም እሺ ብላለች› ብዬ ለሁሉም ተናግሬያለሁ።»

«እኔ መቼ እሺ አልኩሽ?»

«ታዲያ ብቻሽን ልትቀሪ ነው?»

ሃስያን ብቻዋን መቅረት ከምንም በላይ ያስፈራታል።

እሑድ ጠዋት እርጥብ በረዶ ይጥል ነበር። አያቷ ኤሊዬ ደጃፉ ላይ ጃንጥላቸውን ዘረጉ። በረዶው በቀዳዳው ገብቶ አፍንጫቸው ላይ አረፈ። ቀና ብለው በካሬው ውስጥ ሰማዩን ሲያዩ ቆዩ።

«ሃስያ፣ እስቲ ነይማ። አይጥ በላው እንዳልል፣ አይጥ ማስመሪያ የለውም።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «እኔ ነኝ፣ አባባ። ለትምህርት ቤት ነው። ካሬ ነው።»

«ካሬ መሆኑንማ አየሁት። ምን ሊያደርግላችሁ?»

«አላውቅም።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። «እንዴ፣ የኔ ልጅ» አሉ ረጋ ብለው፣ «ምን እንደሆነ ሳታውቂ ነው የቀደድሽው?»

ጃንጥላውን እንደያዙ ወደ ድቪና ወንዝ ቁልቁል ሄዱ፤ ባርኔጣቸው ነጣ። ቀኑን ሙሉ ያች ጥያቄ ከሃስያ ጆሮ አልወጣችም።

ሰኞ ተማሪው ሁሉ እየተንጫጫ ወደ ላይኛው ክፍል ደረጃውን ይወጣል። ሃስያም ካሬዋን ሰፍታ መጥታለች። የምድር ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። መምህር ኢሳይ በባዶ አግዳሚዎች መሃል ቆመው ድንቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ያስተካክላሉ፤ ወደ ብርሃን ያዞሩታል፣ ደግሞ ይመልሱታል። ሃስያ በሩ ጋ ቆመች።

«ነይ እንጂ፣ ቦታ ያልቅብናል!» ብላ ጺቭያ ጎተተቻት።

«እውነቱን ንገሪኝ። ካሬው ገብቶሻል?»

ጺቭያ ግራና ቀኝ አየች። «የገባው ሰው ያለ ይመስልሻል?» አለች በሹክሹክታ። «ዝም ብለሽ ነይ።»

ሃስያ ክንዷን አስለቅቃ ወደ ምድር ቤቱ ገባች።

መምህር ኢሳይ መጀመሪያ እጅጌዋን አዩ። «ተሳስተሻል ልጄ። የእናንተ ክፍል ፎቅ ላይ ነው።»

«አልተሳሳትኩም፣ መምህር። እወጣለሁ፤ ግን ሲገባኝ።»

«ባይገባሽስ?»

«እንጃ» አለች። እንባዋ መጣ።

«እኔም አልገባኝም» አሉ ሽማግሌው። «ሁላችሁም ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ግን ብቻዬን ወጥቼ አየዋለሁ።» ከዚያ ድንቹን ወደ መስኮቱ ገፋ አደረጉላት።

ከላይ ጭብጨባ ተሰማ። ጺቭያ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ አሁንም በሩ ጋ ቆማለች። ሃስያ ተቀምጣ እርሳሷን አወጣች። ቀና ሳትል፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትታ፣ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለች።