ቆዳውን ትቶ የሄደው ሌባ

ሰዓቱ የለም። አዲሱ የቆዳ ማሰሪያ ግን ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል።

ሳጅኗ ማሰሪያውን አንሥታ አገላበጠችው። ለስላሳ፣ በእጅ የተሰፋ ነው። ከሰዓት መጠገኛ ሱቁ የጠፋው የአንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር የእጅ ሰዓት ነው። ማሰሪያ እንዲቀየርለት ያመጣው ልጃቸው፣ አሁን ከሳሽ ሆኖ ቆሟል።

"ሌባዋ ይቺው ናት!" አለ፣ ጣቱን ማሰሪያ ወደምትገጥመው የሱቁ ሠራተኛ ቀስሮ። "ሱቁ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ካላሳሰርኳት ሞቼ እገኛለሁ!"

ወጣቷ ማሰሪያ ገጣሚ ዐይኗ በልቅሶ ቀልቷል። ባለሱቁም "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ" ብሏታል። ሥራዋም ስሟም በአንድ ጠዋት ሊሄዱ ነው።

"ከጠረጴዛው ርቀሽ ነበር?" አለቻት ሳጅኗ።

"መርፌ ላመጣ ጓዳ ገባሁ። በሩ ሲከፈት ሰምቻለሁ፤ ባለሱቁ መስሎኝ ዝም አልኩ።"

ባለሱቁ ለአሮጌ ሰዓት ነፍሱን የሚሰጥ ሰው ነው። ሳጅኗ እሱንም ጠርጥራ ኪሱንም መሳቢያውንም ፈተሸች። ስንት ቀን ሲፈልገው የከረመው መነጽሩ ተገኘ እንጂ ሰዓቱስ የለም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና እንደገና ወደ ገጣሚዋ ዞረች። "ሌላ የጎደለ አለ?"

ልጅቷ የማሰሪያዎቹን ሳጥን በረበረች። "አንድ አሮጌ የብረት ማሰሪያ። ዘለበት የሌለው፣ እየተሳበ የሚጠልቀው። ልኩ ለዚያ ሰዓት ይሆናል።"

ሳጅኗ ፈገግ አለች። አዲስ ቆዳ ትቶ አቧራ የጠጣ ብረት የሚመርጥ ምን ዓይነት ሌባ ነው?

"ይሄን ብረት ማን ያውቀዋል?" ብላ ልጁን ጠየቀችው።

"አባቴ። ልንመርጥ ስንመጣ እሱ ካልሆነ ብሎ አስቸግሮኝ ነበር። ለጥንት ሰዓት የሚያምረው ቆዳ ነው ብዬ እምቢ አልኩት።"

"ሰዓቱን ማን ያስርላቸዋል?"

"እኔ ነኛ፣ በየጠዋቱ። ከታመመ ወዲህ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎታል።"

"መጥፋቱን ነግረሃቸዋል?"

"እንዳይደነግጥ ብዬ ተውኩት።"

"በል ቤት ውሰደን" አለች ሳጅኗ፣ ገጣሚዋንም አስከትላ።

ቤቱ ከሱቁ ጥግ ነው። ሽማግሌው ጠረጴዛ ላይ አቀርቅረው፣ በደህናው ግራ እጃቸው ቢላ ይዘው፣ ብረቱን ከሰዓቱ ጋር ለማያያዝ ይታገላሉ። ሦስቱን ሲያዩ ቢላው ከእጃቸው ወደቀ።

"ሰዓቱ የራሴ ነው" አሉ። "ብረቱን ግን ሳላስፈቅድ ወስጃለሁ።"

"እኔ ልታሰር ነበር እኮ፣ አባባ!" አለች ገጣሚዋ።

ሽማግሌው ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ። "አላወቅኩም፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።"

"አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?" አለ ልጁ።

"ነግሬህማ ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ እንጂ። በየጠዋቱ እጄን እንደ ሕፃን ስዘረጋልህ አፍራለሁ። ብረቱን በአንድ እጅ አጠልቀዋለሁ። አንተ ግን ለሰዓቱ የሚያምረውን መረጥክ።"

ልጁ አንገቱን ደፋ። ከዚያም ወደ ገጣሚዋ ዞረ። "በድዬሻለሁ። ባለሱቁ ፊት ቆሜ እናገራለሁ።"

"ዛሬውኑ!" አለች ሳጅኗ።

ገጣሚዋ ዕንባዋን ጠርጋ ወንበር ሳበች። ቅያሜዋ ገና አልበረደም፤ እጇ ግን ሥራውን ያውቀዋል። ብረቱን ገጥማ ሰዓቱን ለሽማግሌው ሰጠቻቸው።

በግራ እጃቸው ሳብ አድርገው በቀኙ ላይ አጠለቁት። ልጁ ሊረዳቸው እጁን ዘርግቶ ነበር፤ መልሶ ኪሱ ከተተው።