ብቻዋን በግራ የቆመችው ነጥብ

አባቴ ሐጅ ሹክሪ፣ ሐይሰምን ከሱቁ ያባረረው በአንዲት ነጥብ ምክንያት ነው። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን አልሳቅኩም።

ከሐይሰም ጋር የምንሠራው እዚሁ እስክንድርያ፣ አንድ የጥናት ክፍል ውስጥ ነበር። ጥቁር አዝሙድ የደም ስኳር ይቀንሳል ወይ በሚለው ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ሁሉ ሰብስበን በአንድነት እንመዝናለን። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ሁለት ሰዎች እነዚያኑ ጥናቶች ለየብቻ ያነባሉ፤ እስኪጨርሱም ስለ ጥናቶቹ ቃል አይተነፍሱም። እኛም ፊት ለፊት ተቀምጠን ዝም። ዝም ሲባል ደግሞ ዓይን ሥራ አያጣም።

«ምን ታያለህ?»

«ኮምፒውተሬን።»

«ኮምፒውተርህ እኮ በዚያ በኩል ነው።»

ጆሮው ቀላ። እኔም እዚያው ወደድኩት።

ለትዳር ሊጠይቀኝ ወደ አባቴ የቅመም ሱቅ የመጣ ቀን ግን ሁሉም ተበላሸ። አባቴ ስኳር አለበት፤ ጥቁር አዝሙድ ይሸጣል፤ በጥቁር አዝሙድም ይምላል።

«እሺ ዶክተር፣ አዝሙዴን ስትመረምሩ ከረማችሁ አሉ። ምን አገኛችሁ?»

ብልህ ሰው «ገና ነው ሐጂ» ብሎ ያልፋል። የእኔው ጉድ ግን የራሱን ሥራ ጨርሶ ስለነበር ስልኩን አውጥቶ ውጤቱን የሚያሳየውን ሥዕል አሳየው።

«ይኸውልዎ፣ እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ጥናት ናት። ብዙ ሰው የተሳተፈበት ከፍ ይላል። ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ እንዳይሆን የምንፈትሽበት ቁጥር፣ ፒ-ቫልዩ፣ ባነሰ መጠን ደግሞ ነጥቧ ከመሀል ትርቃለች፤ አዝሙዱ ከጠቀመ ወደ ቀኝ፣ ከጎዳ ወደ ግራ።»

«ይቺ ከሁሉ በላይ፣ ብቻዋን ግራ ዳር የቆመችውስ?»

«እሷ... ትልቁ ጥናት ናት። ስኳር ይጨምራል ትላለች።»

«ዕድሜ ልክህን መርዝ ሸጥክ በለኛ! ውጣልኝ!»

ከአጠገቡ ሱቅ ያለው የማር ነጋዴ ልጅም እኔን ይፈልግ ነበርና በማግስቱ አባቴ ስሙን ያነሳሳ ጀመር።

እኔም ድርሻዬን ጨረስኩና ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አደረግናቸው። ትልቋ ነጥብ በእኔ ሥዕል ላይ ቀኝ ናት።

«ለምን ግራ አደረግካት?»

«ቁጥሩ የመቀነስ ምልክት አለው። መቀነስ ደግሞ ግራ ነው።»

«ምኑ ነው የተቀነሰው?»

«ስኳሩ...» አለና ቀጥ አለ።

«ስኳር መቀነሱ ጉዳት ነው እንዴ፣ አንተ ሰውዬ!»

ሌሎቹ ጥናቶች ቅናሹን ያለ ምልክት ነበር የጻፉት፤ ይህኛው ብቻ ከነምልክቱ። ሶፍትዌሩ የታዘዘውን ነው የሠራው። ሐይሰም ራሱን ያዘ፤ እኔ ግን በደስታ ዘለልኩ።

«ዳንን በቃ! ሂድና አዝሙድዎ ተአምር ነው በላቸው።»

«ተአምር አይደለም እኮ። የሚቀንሰው ትንሽ ነው።»

«ትንሽ ብታጋንን ምን ይጎዳሃል?»

«ነርሚን፣ አባትሽ ስኳር አለባቸው። ክኒናቸውን ቢተዉስ?»

ቦርሳዬን አነሳሁና ወደ ሱቁ አብረን ሄድን።

ሱቁ በደንበኛ ተሞልቷል። የማር ነጋዴው ልጅም አለ፤ እንደ ልማዱ የአባቴን ቅመም እያሸተተ ያወድሳል። ሐይሰም ገና ከበሩ ጀመረ።

«ሐጂ፣ ተሳስቼ ነበር። አዝሙድዎ ስኳር ይቀንሳል።»

«ሰማችሁ?» አባቴ ደረቱን ነፋ። «ሰማችሁ አይደል?»

«ግን ትንሽ ነው። ክኒንዎን እንዳያቋርጡ።»

አባቴ እኔን አየ፤ እሱን አየ።

«ልጄን ልትጠይቅ መጥተህ፣ ደንበኞቼ ፊት፣ ትንሽ?»

«ትንሽ ነው፣ ሐጂ።» ቃሉን አልለወጠም።

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው አባቴ ለሐይሰም ወንበር እየሳበ ነው።

«ይሄ የማር ነጋዴው ልጅ ቅመሜን ሲያወድስልኝ ከረመ፤ ክኒንህን ዋጥ ያለኝ ቀን ግን የለም። ልጄን የሚወድ ሞልቷል። እኔም እንድኖርላት የሚፈልገው አንተ ብቻ ነህ። በል ተቀመጥ፣ የቁርኣኑን መክፈቻ ፋቲሓን አንብበን የእጮኝነቱን ነገር እንጨርስ።»

ሐይሰም ሊቀመጥ ሲል ወንበሩን ስቶ ወለሉ ላይ ዘፍ አለ። ቀድሞ የሳቀው አባቴ ነው፤ ቀድሜ እጄን የዘረጋሁለት ደግሞ እኔ ነኝ።