በቁሙ ሙሾ የወረደለት ሹፌር

ይህን ከሰው አልሰማሁትም። ራሴው ነበርኩበት።

አየሁት ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ያየሁት ጥቂት ነው። የሰማሁት ነው ብዙ።

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ጆሮዬን አምኜ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ዕለቱ ረቡዕ ነው። ያለፈው ኅዳር፣ የነቢያት ጾም በገባ በሳምንቱ። ቦታው ሞጣ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ግቢ። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት።

ሌሊት አይደለም። ጠራራ ፀሐይ ነው።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "በቀትር የጠራህን ሰው ሳታየው አቤት እንዳትል" ትለኝ ነበር። ዳዊቱም ስለ ቀትር ጋኔን ይናገራል። እኔ ግን ይህን ሁሉ ለልጅ ማስፈራሪያ አድርጌ ነበር የያዝኩት...

ቢቸና ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። ሥርጉት የምትባል ዳይሬክተር ስለ ጎጃም ሙሾ ዘጋቢ ፊልም ልትሠራ ከአዲስ አበባ መጣች። የድምፅ ሠራተኛዋ መንገድ ተዘግቶበት ቀረ። "ማይክ የሚይዝ ሰው አለ?" ስትል ወደ እኔ ላኳት፤ ማይኩም መቅረጫ መሣሪያውም የራሴ ነው።

ካሜራ የያዘው ሐብታሙ ይባላል። መኪናውን የሚነዳው ስጦታው ነው፤ የታናሽ እህቴ የፍሬ ባል።

አራት ሆነን ሄድን።

አራት ሆነን መመለሳችንን ግን... እንጃ።

እማማ ይርጋነሽ በአገሩ የታወቁ ሙሾ አውራጅ ናቸው። ሥርጉት ዘጠኝ የሰፈር ሴቶች ሰብስባ፣ ድንኳን አስተክላ፣ የለቅሶ ቤት እንዲመስል ንፍሮ ሳይቀር አስቀቅላ ጠበቀቻቸው።

እማማ ዙሪያውን አይተው ቁጭ አሉ።

"የማን ለቅሶ ነው?"

"የማንም አይደለም እማማ። ለፊልም ነው።"

"የማንም ያልሆነ ሙሾ አይወርድም ልጄ። ስም ይፈልጋል።"

"አንድ ስም ይፍጠሩና..."

"ስም እንዴት ይፈጠራል? ክርስትና ላነሣ ነው እንዴ የመጣሁት?"

ሴቶቹ ሳቁ። ሥርጉት ሰዓቷን አየች። መንገዱ ሳይዘጋ እንመለስ እያለች ከጠዋት ጀምሮ አላስቀምጥ ብላናለች።

ይሄኔ ስጦታው የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፎ፣ "በእኔ ስም ያልቅሱ!" አለ። "ስሞት የሚያለቅስልኝ አይገኝ ይሆናል። በቁሜ ልስማው!"

"ዝም በል አንተ!" አልኩት።

"ጋሼ ደግሞ! ጨዋታ አይገባህም።"

እማማ አልሳቁም። አፉን ነው የሚያዩት።

ስጦታው እያላመጠ ነበር።

"ንፍሮውን በላ?" አሉ ዝግ ብለው። "በራሱ ስም የቀረበውን?"

ሊሄዱ ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

ብዙ ለመንናቸው። በመጨረሻ አንድ ቃል አስገቡን። "ሲያልቅ ባለስሙ እፊቴ ይቁምና 'አለሁ' ይበል። ያኔ ሙሾው ይመለሳል። ሳይመለስ የቀረ ሙሾ ግን ባለቤቱን ይዞ ይቀራል።"

"እሺ፣ ይላል!" አለች ሥርጉት። "ሐብታሙ፣ ዝግጁ?"

ስጦታው መኪናው ውስጥ ሊተኛ ሄደ። እኔ ሄድፎኔን አጠለቅሁ። እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጀመሩ...

"ከሞጣ መንገድ ላይ አቧራ ቢነሣ፣
ስጦታው መጣ ስል ተቀበልኩ ሬሳ።"

ሴቶቹ "ወየው!" አሉ።

ከዚያ... በጆሮዬ ውስጥ፣ ከሩቅ...

"አቤት..."

እጄን አነሣሁ። "አቁሙ። ሰው ገባብን። ስጦታው ነው።"

ሄጄ አየሁት። መኪናው መስኮቱ ተዘግቷል። እሱ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

ሁለተኛ ቀረፃ።

"ስጦታው መጣ ስል..."

"አቤት..."

አሁን ከአጥሩ ሥር ነው።

"ሥርጉት፣ ድምፅ አለ" አልኳት።

"እኔ አልሰማሁም።"

"እኔም" አለ ሐብታሙ።

ሄድፎኑን ሰጠኋት። ለአፍታ ጆሮዋ ላይ አድርጋ መለሰችልኝ። "ነፋስ ነው ጋሽ ባየ። ኤዲቲንግ ላይ እናጸዳዋለን።"

ነፋስ! ቅጠል አይነቃነቅም እኮ!

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰው "ስማልኝ" ብሎ ይቀጥርሃል። የሰማኸውን ስትነግረው አይሰማህም።

ሦስተኛ ቀረፃ። ድምፁ ድንኳኑ ውስጥ ገባ።

አራተኛ። ማይኩ አጠገብ ደረሰ። ትንፋሹ ይሰማኛል።

"አቤት... ማነው የሚጠራኝ?"

ስጦታው ነው። የስጦታው ድምፅ ነው። አማትቤ ሄድፎኑን ከጆሮዬ ገፋሁት። ድንኳኑ ውስጥ ከእማማና ከዘጠኙ ሴቶች በቀር የሚናገር የለም።

"ቆንጆ!" አለች ሥርጉት። "ያዝነው! ስጦታውን ጥሩት።"

ዓይኑን እያሻሸ መጣ። እማማ ፊት ቆመ። እኔ ማይኩን አስጠጋሁለት።

"በል" አሉት እማማ።

"አለሁ! አለሁ! ደግሞ የት እሄዳለሁ?"

ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታው ጆሮዬ ገባ። የሥርጉት ሳቅ ገባ። ጓሮ የሚጮኸው ዶሮ እንኳ ገባ።

የእሱ ቃል አልገባም።

ከንፈሩ ሲነቃነቅ አይቻለሁ። ሄድፎኑን አወለቅሁ። "ድገመው።"

"አለሁ አልኩ እኮ ጋሼ!"

በባዶ ጆሮዬ ሰማሁት። መልሼ አጠለቅሁ። "አሁንም በል።"

ከንፈሩ ተነቃነቀ። ዝም...

"እማማ" አልኩ። "መሣሪያው አልያዘውም።"

እማማ ወደ ስጦታው ዞሩ። "እንግዲያው አልተመለሰም" አሉ። "ስሙ ሲጠራ ከየት ሆኖ 'አቤት' እንዳለ ፈልጉት። ሳታገኙት እንዳትሄዱ።"

"ሥርጉት፣ ትንሽ እንቆይ..."

"ጋሽ ባየ፣ በናትህ! ሰውየው ይኸው ቆሟል! መንገድ ቢዘጋብን አንተ ታሳድረናለህ?"

ዕቃው ተጫነ።

ጉንደ ወይንን ስናልፍ ዘጠኝ ሰዓት ሞልቷል። ጾሜን መፍታት እችል ነበር። እህል አላሰኘኝም። ከፊት፣ ከስጦታው ጎን ነው የተቀመጥኩት። መሣሪያውን ከፍቼ ሄድፎኔን አጠለቅሁ።

ሞተሩ ይሰማኛል። የሥርጉት ስልክ ይሰማኛል። ስጦታው ቀልድ ይዟል፤ ከኋላ ይስቁለታል። ሳቃቸው ይሰማኛል።

ቀልዱ አይሰማኝም።

በሹክሹክታ፣ "ስጦታው" አልኩ።

ጎኔ ያለው ሰው ዞር አላለም።

ከኋላችን፣ ከሩቅ፣ ከሞጣ በኩል ግን...

"አቤት! ጋሼ... ጥላችሁኝ አትሂዱ!"

እየሮጠ ነበር። ሲያለከልክ እሰማዋለሁ።

"አቁም!" ብዬ ጮኽሁ።

"አሁን ደግሞ ምንድን ነው?" አለች ሥርጉት።

"ሰው ቀርቷል!"

"ቁጠረና!"

ቆጠርኩ። አራት ነን። ቁጥሩ ልክ ነው።

ወር አለፈ። ለሥርጉት ደውዬ፣ "ተመልሰን ሙሾውን እናስመልሰው" አልኳት። "የፊልሙ ምርጡ ክፍል እኮ ነው ጋሽ ባየ፣ ሁሉም እያደነቀው ነው" አለችኝ። ሁለተኛ ስደውል አላነሣችም። ሦስተኛም አላነሣችም። ለብቻዬ ልሂድ ብል መንገዱ ተዘግቷል። ሲከፈት ሄድኩ፤ እማማ ልጃቸው ጋ ርቀው ሄደዋል አሉኝ። ግቢው ቆሜ፣ ሄድፎኔን አጥልቄ 'ስጦታው' ብዬ ብጣራ መልስ የለም። ለካ እዚያ የቀረው ስጦታው ቦታውን ለቆ መንገድ ጀምሯል።

በየካቲት ፍሬ ሱቄ ድረስ መጣች።

"ጋሼ፣ ስጦታው ምን ሆኗል?"

"ምን ሆነ?"

"ከንፍሮ በቀር እህል አልቀምስ አለ። ከመንገድ ሲደውልልኝ ስልኩ ጭጭ ነው። ቤት ሲገባ 'አወራሁሽ እኮ' ይለኛል።" እንባዋ መጣ። "ጎኑ ስተኛ ይበርደኛል።"

ባለፈው ረቡዕ መሣሪያዬን ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ቀትር ላይ ነው። ስጦታው ወንበር ላይ ተቀምጦ ንፍሮ ይበላል። ሳህኑ ይጨሳል። ፈገግ አለልኝ።

"አንዴ 'አለሁ' በለኝ" አልኩት።

ፈገግ እንዳለ ያላምጣል።

ሄድፎኔን አጠለቅሁ። ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አቆምኩ። "ስጦታው" አልኩ።

"አቤት..."

ከሩቅ አይደለም አሁን። ደክሞታል። ድምፁ ሰልሏል። ከበሩ ውጪ ነው።

በሩ ተንኳኳ።

ፍሬም ሰማችው። ብድግ አለች። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው እጁን ሰዶ የቀሚሷን ጫፍ ያዘ። ከንፈሩ ተነቃነቀ። እኔ ምንም አልሰማሁም፤ እሷ ግን ሰማችው።

"አትክፈቺ ይለኛል" አለች በሹክሹክታ።

በሩ እንደገና ተንኳኳ። ቀስ ብሎ፤ ጉልበት በከዳው ሰው እጅ።

"ጋሼ" አለችኝ። "አንተ ምን ይሰማሃል?"

ይህን ጥያቄ ሦስት ወር ሙሉ ማንም አልጠየቀኝም።

"አንድ ሰው ነው የሚሰማኝ" አልኳት። "ያም ውጪ ነው። ክፈቺ።"

ቀሚሷን መንጭቃ ሄደች። መወርወሪያውን ሳበችው።

ፀሐይ ገባ። ደጃፉ ላይ ሰው የለም። ሁለት ጫማ ብቻ ጎን ለጎን ቆሟል። የስጦታው ጫማ ነው። ሶሉ አልቆ እግር መርገጫው ተበስቷል፤ እስከ አፉ አቧራ ነው።

ዞር አልኩ። ወንበሩ ባዶ ነው። ሳህኑ ላይ ያለው ንፍሮ ገና ይጨሳል።

ፍሬ ጫማውን አቅፋ መጮኽ ጀመረች...

እኔ ግን ሄድፎኔን አላወለቅሁም። ከጩኸቷ በታች ሌላ ድምፅ አለ። ረጅም መንገድ የመጣ ሰው ትንፋሽ። ቤት ገባ። ጠረጴዛውን ዞረ። ማይኩ ላይ ጎንበስ አለ...

"አለሁ" አለ።