ለቁስል እንጂ ለጉሮሮ አይደለም

የናዝማር ሰማይ ደም በመሰለበት ዕለት፣ ሻንጉር የተባለው አውሬ ከጥልቁ ወጥቶ የንጉሥ ግርማዞርን ሕዝብ በጥፍሩ ቦጫጨረው። ገድሎ ቢሄድ በተሻለ ነበር። የተቧጨረው ገላ ይበሰብስ፣ ብስባሹም ከሰው ወደ ሰው ይዛመት ጀመር። ንጉሡ ጨካኝ ብቻ ሳይሆን ፈሪም ነበርና ቁስለኞቹ ከነሕይወታቸው እንዲቃጠሉ አዘዘ። የወጣቱ ታርኬል እህት ሚዛል ከእነሱ አንዷ ነበረች።

«ንጉሥ ሆይ፣ እሳቱን ያቆዩልኝ! ከቀርነም ተራራ የብስባሹን መድኃኒት ሳልይዝ ብመለስ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!» ሲል ታርኬል ማለ። አብሮ አደጉ ኦርዳይም ጦሯን ይዛ ተከተለችው።

መድኃኒቱ በአሮጌ ጥዶች ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንዘረፈፍ አረንጓዴ የዛፍ ሽበት ነበር። የተራራው ጅቦች ኦርዳይን ሲዘነጣጥሏት ታርኬል ዛፍ ላይ ወጥቶ ሽበቱን እየነጨ ነበር። ጩኸቷን ሰማ፤ አልዞረም። ቢዞር ኖሮ እጁ ባዶ ይቀር ነበር።

ያን ጊዜ ትልቁ ጥድ ተናገረ፤ «ቀቅለህ ቁስል እጠብበት፤ ብስባሹን ይገድላል። ከጉሮሮ ካለፈ ግን ጉበት ይበላል።»

ሲመለስ ሚዛልን በእንጨት ክምር ላይ ታስራ አገኛት። መድኃኒቱ እንደተቀቀለ ንጉሡ ጽዋ አስቀረበ።

«በሕጋችን መድኃኒት ያመጣ ሰው ቀድሞ ይጠጣል።»

«ንጉሥ ሆይ፣ ይህ ለቁስል እንጂ ለጉሮሮ አይደለም። ጉበት ይበላል።»

«መርዝ ነዋ! እሳቱን ለኩሱ!»

ታርኬል ጽዋውን ነጥቆ ጨለጠው። ምንም አልሆነም፤ ጉበት የሚሞተው ቀስ ብሎ ነው። ቁስለኞቹ ታጠቡ። ብስባሹ ደረቀ፤ ከቀናት በኋላ ሚዛል በእግሯ ቆመች።

ንጉሡ ይህን ሲያይ ጎመጀ። «አንተን ያልጎዳ እኔን ምን ያደርገኛል? ውጩን እንዲህ ካጸዳ ውስጤንማ ያድሰዋል!» ብሎ በትልቁ ዋንጫ አስቀዳ።

ታርኬል «ተው!» ሊል አፉን ከፈተ። በእህቱ እጅ ላይ የገመዱን ሰንበር አየ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና «ለጤናዎ፣ ንጉሥ ሆይ» አለ። ንጉሡም ዋንጫውን ጨለጠው።

ብዙም ሳይቆይ የታርኬል ዓይኖች ቢጫ ሆኑ። ሚዛል ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

«በእርግጥ እንደሚገድልህ ለምን አልነገርከኝም? ብቃጠል ይሻለኝ ነበር!»

«እንዲህ እንደምትዪ አውቄ ነው» አላት።

የእሱ ትንፋሽ ሲቆም፣ የንጉሡ ጩኸት ከቤተ መንግሥቱ ገና ይሰማ ነበር።