የዘመመ ዳይስ አይቆጠርም

ደግሰው ከሰቆጣ ዙሪያ ገደል ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ፤ ወገቡ ላይ የተበጠሰ ገመድ ታስሯል። ያ ገደል ድንጋይ ቢጥሉበት ድምፁ በማግስቱ ነው የሚሰማ፤ ያላመነ ወርውሮ ይጠብቅ።

ኢንስፔክተር አልጣሽን የጠራቻት የሟች እህት ምሕረት ናት። «ገመዱ አርጅቶ ነው ይላሉ። ወንድሜ ያረጀ ገመድ አያስርም። ማን እንደገደለው ይንገሩኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግ።»

ማር ሊቆርጡ አፋፉ ላይ የወጡት አራት ነበሩ፦ ሟች፣ ምሕረት፣ ባለሱቁ ሐይደርና መንግሥቴ። ሰባት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ አንድ ጨዋታ ተጫውተዋል። እያንዳንዱ የፈለሰፈውን ጀግና ይሆናል፤ ጀግናው ዘንዶውን ይግደለው ወይስ በዘንዶው ይበላ፣ ትሪ ላይ የሚጣል ባለ ስድስት ቁጥር ዳይስ ይቆርጣል። ተራኪውም ዳኛውም መንግሥቴ ነው። ጨዋታው ውስጥ ነገሥታት ይሰግዱለታል፤ ከጨዋታው ውጭ ውሻም ዞር ብሎ አያየው።

«ማን በገመድ ይውረድ ስንል በጨዋታችን ሕግ ዳይስ ጣልን» አለ ሐይደር። «ትንሽ ቁጥር የወጣለት ይወርዳል።»

«ተጣላችሁ?»

«ኧረ የለም። ደግሰው እየሳቀ ነው የወረደ።»

«ቁጥሩን ታስታውሳለህ?»

«ያልተጻፈ ውርወራ አይጸናም፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ» ብሎ ደብተሩን ሰጣት።

አልጣሽ ደብተሩን አነበበች፤ ገመዱንም እያገላበጠች አየች። በማግስቱ ሦስቱን አፋፉ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ገመዱ አላረጀም። ግማሹ በስለት ተቆርጦ ቁርጡ በሰም ተለስኗል። የቆረጠው ሰው እሱ እንደማይወርድ እርግጠኛ ነበር። ዳይስ በሚቆርጠው ነገር እንዴት እርግጠኛ ይኮናል?»

«አይኮንም» አለ መንግሥቴ። «ዳይስ የእግዜር ነው።»

«ታዲያ አንተ ምን ትሠራለህ? የትሪው ጠርዝ ላይ ተደግፎ የዘመመ ዳይስ አይቆጠርም፣ ይደገማል ይላል ሕጋችሁ። ዘመመ የሚለው ማነው?»

ሐይደር መንግሥቴን አየ። አልጣሽ ደብተሩን ገለጠች።

«ደግሰው ስድስት፣ ዘመመ፤ ሲደግም ሁለት። ሐይደር አንድ፣ ዘመመ፤ ሲደግም አራት። ምሕረት አንድ፣ ዘመመ፤ ስትደግም አምስት። መንግሥቴ ሦስት፣ ጸና። ደግሰው ከፍ ሲል ይዘማል፤ እናንተ ዝቅ ስትሉ ይዘማል። ይኼ ዳይስ ሰው ያውቃል።»

«ፍርዱን ለዳኛው የሰጠው ሕጉ ነው» አለ መንግሥቴ። «ዘመመ ማለት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ሰንጢህን አሳየኝ።»

ማጠፊያው ውስጥ ሰም ደርቋል።

«ከማሩ ነዋ።»

«የቱ ማር? ደግሰው ቀፎው ጋ ሳይደርስ ነው የወደቀ። ሐይደር፣ ባለፈው እሑድ ሟች ምን አለ?»

ሐይደር የጻፈበትን ገጽ ጠቆመ። «‹ከመጪው እሑድ ጀምሮ መዝመሙን አራታችንም እንፍረድ› አለ። እኛም እሺ አልን።»

«ሰባት ዓመት የነገሠ ሰው ዙፋኑን በአንድ መስመር ሕግ ሊያጣ ነበር» አለች አልጣሽ።

መንግሥቴን በካቴና ወሰዱት። ሐይደር መሬት መሬት እያየ ተከተለ። ምሕረት ግን አልተነሣችም።

«ያንቺ አንድ ቁጥር እውነት ዘምሞ ነበር?» አለቻት አልጣሽ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ምሕረት ፊቷን ወደ ገደሉ መለሰች።

«ትሪው መሃል ነበር የወደቀ፤ ቀጥ ብሎ። ደግሰውም አይቶታል። አየኝና ሳቀ።»

«አንቺስ?»

«መንግሥቴ ዘመመ ሲለኝ፣ ሐሳቡን እንዳይለውጥ ብዬ ዳይሱን ቶሎ አነሣሁት።»